በማንዛናር በር ላይ ንፍሮ

ከአሜሪካ የተመለሰ ሰው ለአዳማ ጎረቤቶቹ ሁለት ዕዳ አለበት፤ ሻንጣና ወሬ። የኔ ሻንጣ ቀላል ነበር፤ ስለዚህ በወሬው ላካክስ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቁና ስለ ባሕሩ ነው የሚጠይቀኝ። ፎቁን ከመኪና መስኮት፣ ባሕሩን ከአውሮፕላን መስኮት አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም በፎቶ ከሚታዩት የተለዩ አይደሉም። ቀረብ ብዬ ያየሁት አሜሪካ የገዛ ዜጎቿን አጉራ ያስቀመጠችበትን፣ ዛሬ ማንም በነፃ የሚጎበኘውን የበረሃ ካምፕ ነው። እሱንም ፈልጌ አልሄድኩም። ሰዎች መከራ የተቀበሉበትን ቦታ ካሜራ አንግቶ መጎብኘት ለኔ የጨዋ ሰው ሥራ አይመስለኝም። ይህን አቋሜን ለእህቴ ገልጬላት ነበር፤ እህቴ ግን የሰው አቋም አዳምጣ አታውቅም።

ሰኞ ከአዳማ ተነሥቼ በፈጣኑ መንገድ ቦሌ ገባሁ። ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። ከአዳማ ቡልቡላ በሚኒባስ ተጨናንቆ የሄደ ሰው የረጅም በረራን ችግር ያውቀዋል፤ ችግሩ ጉልበትህን የምትዘረጋበት ማጣት ነው። ልዩነቱ በሚኒባሱ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ያናግርሃል፣ ሲወርድም የአንተን ካልከፈልኩ ብሎ ይታገልሃል። በአውሮፕላኑ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አህጉር ሙሉ ጆሮውን ደፍኖ ተኛ።

ሎስ አንጀለስ የተቀበለችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ብዙ ናት። ሁሩታ ተወልዳ፣ አዳማ አድጋ፣ እዚያ አገር ከገባች ረጅም ጊዜ ሆኗታል። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየሄደች መንከባከብ ነው። አሜሪካ የለወጠው እንግሊዝኛዋን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዙ አልደፈረውም።

«ምነው እንዲህ አመድ መሰልክ? መጽሐፍ ብቻ ነው የምትበላው?» አለችኝ፣ ገና ሳትስመኝ። ከዚያ ሳመችኝ። ከዚያ መኪና ውስጥ ዜናውን ነገረችኝ።

«ባሕር ላሳይህ ነበር፣ ቀርቷል። ሐሙስ እማማ ሚቺኮን ይዘን ለቅሶ እንሄዳለን።»

«ማን ሞተ?»

«የድሮ ነው።»

«መቼ ነው ድሮ?»

«በዓለም ጦርነቱ ጊዜ።»

«እትዬ፣ ሰማንያ ዓመት አለፈው እኮ!»

«ታዲያ? ለቅሶ ይሻግታል?»

በማግስቱ ወይዘሮ ሚቺኮ ቤት ወሰደችኝ። እህቴ የምትንከባከባቸው አረጋዊት ናቸው፤ ወደ ዘጠና የተጠጉ፣ ትንሽዬ፣ ልብሳቸው ከነሰውነታቸው የተተኮሰ የሚመስል ሴትዮ። የተወለዱት እዚያው ካሊፎርኒያ ነው። አባታቸው እንጆሪ አምራች ነበሩ። ጃፓን የአሜሪካን ወደብ በቦምብ ስትደበድብ አባትየው የሚያስቡት ስለ እንጆሪው ነበር፤ መንግሥት ግን ስለ አባትየው ያስብ ነበር። ፊታቸው ከጠላት ፊት ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ዜጎች፣ በእጃቸው የቻሉትን ብቻ ይዘው ከቤታቸው ውጡ ተባሉ። በየበረሃው በተሠሩ ካምፖችም በሽቦ ታጥረው ተቀመጡ። ፊትን አይቶ ልብን ማወቅ የኛ ሰፈር ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የወይዘሮ ሚቺኮ ቤተሰብ የደረሰው ካምፕ ማንዛናር ይባላል። ሲገቡ ገና ሕፃን ነበሩ። እዚያው ወንድም ተወለደላቸው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ሞተ። ከዚያ ወዲያ እናታቸው የልጁን ስም በአፋቸው አንሥተው አያውቁም፤ ቤቱም ከእናትየው ተምሮ ዝም አለ። ወይዘሮ ሚቺኮ ካደጉ በኋላ ሁለት ጊዜ ካምፑን ሊያዩ ሄደዋል፤ አንዴ ከሟች ባለቤታቸው፣ አንዴ ከሴት ልጃቸው ጋር። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ ደርሰው ተመልሰዋል። አሁን ልጃቸው በአገሩ ሌላኛ ጫፍ ወዳለው ቤቷ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ነው። ከሄዱ በኋላ ለዚህ መንገድ የሚሆን ጉልበት እንደማይኖራቸው ራሳቸውም ያውቃሉ።

«ይሄ ሦስተኛው ነው፤ አሁን ካልገባሁ ሳልገባ እሞታለሁ» አሉኝ።

እኔም የተከራካሪነት አመሌ አልለቅ ብሎኝ፣ መከራ ያየበትን ቦታ ሳይጎበኝ በሰላም የኖረ ሰው ብዙ ነው አልኳቸው።

«እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉ። «ሻይ ትጨምራለህ?»

ያን ቀን ማምሻውን እህቴ ስንዴና ሽምብራ ቀቀለች። ምንድን ነው ብላት እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ንፍሮ ነዋ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል?»

«ቤት የለም እኮ እትዬ። ሜዳ ነው።»

«ቤት ባይኖር በር አይጠፋም» አለች፤ የፕላስቲክ ዕቃውን ክዳንም ግጥም አደረገችው።

ሐሙስ ወደ ሰሜን ነዳን። የምትነዳው እህቴ ናት፤ ወይዘሮ ሚቺኮ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከንፍሮው ጋር። ከተማው ካለቀ በኋላ የመጣውን አገር ለማየት ያን ሁሉ በረራ ማድረግ አያስፈልግም ነበር፤ መተሐራን ማለፍ ይበቃል። ያው የቀለጠ ድንጋይ የረጋበት ጥቁር መሬት፣ ያው እሾህ፣ ያው በሁለት ወገን ተራራ የተያዘ ደረቅ ሸለቆ። የጎደለው ግመልና ከሰል ሻጭ ብቻ ነው። እየቆየ በስተቀኝ ነጭ ሜዳ ታየ። ሐይቅ ነበረ አሉኝ። ወንዞቹን ሩቅ ያለው ትልቅ ከተማ በቦይ ወስዶ ጠጣቸው፤ ሐይቁ አቧራ ሆኖ ቀረ። ከቡልቡላ አጠገብ የአብያታን ሐይቅ በየጊዜው የሚያይ ሰው እንዲህ ያለ ነጭ ሜዳ እንዴት እንደሚጀምር ያውቃል። ሐይቁ ከመንገዱ እየራቀ ሲሄድ ነው የሚጀምረው።

ዳገቱ ላይ መኪናችን ፈላ። እህቴ ዳር ይዛ ኮፈኑን ከፈተችና በኦሮምኛ ተሳደበች፤ እልኋ ሲመጣ የምትጠቀምበት ቋንቋ እሱ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ጺማም፣ ክንዱ ላይ ንሥር የተነቀሰ፣ ፊቱ ደግ ቃል ለመናገር የተሠራ የማይመስል ሰውዬ ነው። ውሃ አወረደ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ራዲያተሩ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወይዘሮ ሚቺኮንም የራሱ መኪና ውስጥ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አስቀመጣቸው። የት እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «አያቴ እዚያ ወታደር ነበር» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ወይዘሮ ሚቺኮ ከመኪናው ሲወርዱ ግን ክንዳቸውን ይዞ ያወረዳቸው እሱ ነው። የአያቱን ነገር አልነገርኳቸውም፤ የቀናውን መንገድ ማጣመም አልፈለግኩም።

ያደርነው ሎን ፓይን በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ በግራና በቀኝ ሞቴልና ምግብ ቤት፤ ከባጃጁ በቀር የኛን የመንገድ ከተሞች የምትመስል። የሞቴሉ ባለቤት ህንዳዊት ሴትዮ ወይዘሮ ሚቺኮን ስታይ ከፎቅ የሰጠችንን ክፍል ቀይራ ምድር ላይ ሰጠችን። ሳንጠይቃትም በማንቆርቆሪያ ሻይ ይዛ መጣች። ዝንጅብልና ሄል ነበረበት። እህቴ አንድ ጊዜ ፉት ብላ «ይቺስ የኛ ሰው ናት» ብላ ፈረደች። እራት የበላንበት ቤት በአንድ ሳህን ያቀረበው ሥጋ አዳማ ላይ ለአምስት ሰው ጥሪ ይበቃል። ወይዘሮ ሚቺኮ አልበሉም። ናፕኪኑን እያጠፉ፣ እየፈቱ፣ እያጠፉ አመሹ።

ዓርብ ጠዋት ንፋስ ነበር። ተራራው በረዶ ተከናንቦ ከኋላ ቆሟል፤ ከፊቱ ያለው ሜዳ አቧራውን እያነሣ ይረጫል። መኪናው እንደቆመ እህቴ ወረደች። ጥቁር ለብሳለች፤ የነጠላዋን ጥለት ለሐዘን እንደሚደረገው ወደ አንገቷ አዙራዋለች። ንፋሱ ነጠላውን አንሥቶ ፊቷ ላይ ጠቀለለው።

«ይሄ የኛው ነው! የአዳማ ንፋስ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ለቅሶ ላይ መሆኗ ትዝ ብሏት ፊቷን ሰበሰበች።

በሩ በር አይባልም። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ጥበቃ ቤቶች ቆመዋል፤ የሠራቸው ከታሳሪዎቹ አንዱ ነው ይባላል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የእንጨት የጥበቃ ማማ አለ። የጥንቱ ፈርሶ ይኼኛው ለጎብኚ ሲባል እንደገና የተሠራ ነው። ኃጢአቱን ካፈረሰ በኋላ አምሳያውን መልሶ የሚሠራ ሕዝብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በእኛ አገር የእስር ቦታ ቶሎ ሙዚየም አይሆንም፤ ሥራ አይፈታማ።

ከጥበቃ ቤቶቹ ወዲያ፣ በስተውስጥ በኩል፣ አንድ የቦታው ሠራተኛ ቆሟል። ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ጎልማሳ ነው፤ ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ከፊቱ አጣምሯል። በኋላ እንደተረዳሁት የተማሪዎች አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር።

ወይዘሮ ሚቺኮ የመኪናውን በር እጀታ ያዙ። ለቀቁት።

«ባርኔጣ አለው» አሉ።

«ለፀሐይ ነው» አልኳቸው።

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ንገራት፤ እንመለስ።»

ልነግራት ቀና ስል እህቴ አጠገባችን የለችም። ንፍሮዋን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ወደ ሰውዬው እየሄደች ነው። አንድ ነገር ላስረዳ። አዳማ ላይ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ማን ሞተ ብሎ አያጣራም። ድንኳን ያያል፤ ደጃፉ ላይ እጁን አጣምሮ የቆመ ሰው ያያል፤ የቆመው ሐዘንተኛው ነው፤ ጎንበስ ይልለታል። እህቴ ይህን ሕግ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራበት ኖራለች፤ አንድም ቀን አሳስቷት አያውቅም።

ሰውዬው ፊት ደርሳ ጎንበስ አለች። በአማርኛ «እግዜር ያጥናችሁ» አለች። ከዚያ በምትችለው እንግሊዝኛ ደገመችው፤ ንፍሮውንም ዘረጋችለት። ሰውዬው ዕቃውን አየ፤ እሷን አየ። ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድለት ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ግን ዘጋው። ባርኔጣውን አወለቀና ብብቱ ሥር አደረገው፤ ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀበላት፣ እሱም ጎንበስ አለ።

«ምንድን ነው የምታደርገው?» አሉ ወይዘሮ ሚቺኮ።

«ለቅሶ እየደረሰች ነው።»

«ለማን?»

«ለእሱ።»

«ማን ሞተበት?»

«ማንም። በኛ አገር በር ላይ የቆመ ባለ ሐዘን ነው፤ ቤተሰቡ መስሏት ነው።»

ሴትዮዋ ዞረው አዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ተቆጥተው ሳያቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እሱ እኮ ዘበኛው ነው! የሞተብኝ እኔ ነኝ!»

የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱ። በትራቸውን ይዘው፣ ንፋሱ እያንገዳገዳቸው፣ «ቢዙ! ቢዙ!» እያሉ ሄዱ፤ ብዙን እንደዚያ ነው የሚጠሯት። ተከተልኳቸው።

«ሐዘኑ የኔ ነው» አሏት እንደደረሱ። «ይሄ ሰው ወንድሙ ነኝ አለሽ?»

«እንዴ፣ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም!»

«ውይ በሞትኩት! ውይ ጉዴ!» እህቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰውዬው ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ዕቃውን ለወይዘሮ ሚቺኮ ዘረጋላቸው። እሳቸውም ተቀበሉት። እህቴ ከስህተት በኋላ ሥርዓት እንደማይቀር ለማሳየት እንደገና ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ አሁን ለትክክለኛዋ ባለ ሐዘን፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው አለችው።

ወይዘሮ ሚቺኮ የቆሙት ከድንጋይ ቤቶቹ ወዲያ፣ በስተውስጥ በኩል ነው። ይህን አየሁ፤ አልተናገርኩም። ሰው በር ማለፉን ከነገርከው ሊመለስ ይችላል።

«አሁን ምን ላድርገው?» አሉ ዕቃውን እያዩ።

«ባለ ሐዘን ለመጣው ሰው ያቀርባል» አለች እህቴ።

ከፈቱት። ለእሷ ሰጡ፣ ለኔ ሰጡ፤ ከዚያ ሰውዬውን ጥቂት አዩት። «ይሄ ስጦታ አይደለም። ለቅሶዬ ላይ ስለመጣህ ነው» አሉት። ሰውዬው መዳፉን ዘረጋ። አራታችን ንፋሱ መሐል ቆመን ንፍሮ ቆረጠምን። የተማሪዎቹ አውቶቡስ ሲደርስ ልጆቹ በመስኮት ያዩን ነበር፤ አስተማሪያቸው ስለኛ ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም።

ስለ ውስጡ በአጭሩ ልናገር። ብዙው ባዶ ሜዳ ነው፤ እንደ ናሙና የተሠሩ ጥቂት የእንጨት መኖሪያዎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በረድፍ። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክን ከዋናው መንገድ አይቶ ረድፉን የቆጠረ ሰው አሳቡ ይገባዋል። የእኛዎቹ ሲመሽ መውጣታቸው ነው ልዩነቱ። ወይዘሮ ሚቺኮ ብዙ አልተናገሩም። መጸዳጃው ዘንድ ሲደርሱ ብቻ፣ በመቀመጫዎቹ መካከል ምንም ግርዶሽ እንዳልነበረና እናታቸው ካርቶን ይዘው እየሄዱ ራሳቸውን ይጋርዱ እንደነበር ነገሩን። ስለ ሽቦውም ስለ መሣሪያውም በእርጋታ የሰማችው እህቴ እዚህ ላይ አገሩን ረገመች።

መቃብሩ ከካምፑ ጀርባ ነው። ነጭ ሐውልት ቆሟል፤ ሥሩ ሰው የተወው የወረቀት ወፍ፣ ሳንቲም፣ የልጅ መጫወቻ ሞልቷል። ከተቀበሩት ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል። ወንድማቸው ከሄዱት ይሁን ከቀሩት ወይዘሮ ሚቺኮ አያውቁም።

«ስሙ ማነው?» አለች እህቴ።

ወይዘሮ ሚቺኮ በትራቸውን አፈሩ ላይ ጫን አደረጉ።

«እማማ፣ ስሙን ካልነገሩኝ ምን ብዬ ላልቅስ? ስም የሌለው ለቅሶ የለም።»

ንፋሱ ሦስት አራት ጊዜ መጥቶ ሄደ። «ሂሮሺ» አሉ፣ ድንጋዮቹን እያዩ።

እህቴ ደረቷን መታች። «ሂሮሺዬ! ወንድሜ ሂሮሺ! እናትህ በሆዷ ያለቀሰችህ! በሰው በረሃ የቀረኸው!» በሁሩታ ወግ፣ በሙሉ ድምፅ። ጎብኚዎች ካሜራቸውን አወረዱ። እኔ ወደ ተራራው ዞርኩ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተራራ ይጠቅማል። ወይዘሮ ሚቺኮ አላለቀሱም። የረሱት ዜማ ሲዘፈን እንደሚሰማ ሰው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

ማታ እራት ላይ፣ «አሁን አለቀ?» ብለው ጠየቁ።

«ምኑ? እስከ ሰልስቱ ይቀመጡ የለ እንዴ» አለች እህቴ። «በኛ አገር ሦስት ቀን ነው።»

ወይዘሮ ሚቺኮ ሹካቸውን አስቀመጡ። ቅዳሜ ጠዋት ልንመለስ ነበር ያሰብነው። ልጃቸው ስትደውል የሰማሁት የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። «ገባሁ… አዎ፣ ውስጥ… አይ፣ ነገ አንመለስም። ሦስት ቀን ነው። ቢዙን ጠይቂያት።» የሞቴሉ ባለቤት ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ተይዞ እንደነበር ነገረችን፤ ምክንያቱን ስትሰማ እንግዳውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችው።

ቅዳሜ ወደ ካምፑ ተመለስን። ያ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ የሚታጠፍ ወንበር ይዞ መቃብሩ ድረስ አብሮን መጣ። ወይዘሮ ሚቺኮ ተቀመጡ። እህቴ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ሲደክም ስለ ሁሩታ ስንዴ አወራችላቸው፤ እሳቸው ስለ አባታቸው እንጆሪ አወሩላት። እውነተኛ ለቅሶ በሁለተኛው ቀን እንደሚሆነው ትንሽ ሳቅም ነበረበት።

እሁድ የእህቴ ጉልበት አብጦ አደረ። መኪናው ውስጥ እግሯን ዘርግታ ቀረች፤ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬያት ቀረሁ። ወይዘሮ ሚቺኮ ሰውዬውን በእጃቸው ሰላም ብለው፣ ሳይቆሙ፣ በትራቸውን እየተከሉ ብቻቸውን ገቡ። ከዓይናችን ራቁ። ጋዜጣ አነበብኩ። መንገድ አለብን፣ ረፍዷል አልኩ። እህቴ ጆሮዋን ወደ ተከፈተው መስኮት አዘንብላ ነበር።

ከዚያ እኔም ሰማሁት። ንፋሱ የያዘው ቀጭን፣ ያረጀ፣ የተሰባበረ ድምፅ ነው። ያን አንድ ስም ይጠራል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ይጠራል።

እህቴ ልትወርድ ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታዘዛት አለ። እኔን አየችኝ፤ ጋዜጣዬን አየችው።

«አንተ ልጅ! ምን ትገተራለህ? ሰው ብቻውን ያለቅሳል?»

ወረድኩ። እንዲህ ላለ ነገር የሚሆን ቃል በሦስት ቋንቋ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ሐውልቱ ሥር ደርሼ አጠገባቸው ቆምኩ። ሳይዞሩ የኮቴን እጅጌ ያዙ። ስሙን መጥራት ግን አላቆሙም።